ሂቱን ማን ነካው?

ቦስተን አካባቢ ቤት የገዛ አበሻ ብርድ ከገባ በኋላ ወሬው አንድ ነው። «ሂቱን ማን ነካው?» ይላል፤ ሂት የሚለው የቤቱን ማሞቂያ ነው። ልጆች አልነካንም ይላሉ። ሚስት ዝም ትላለች። ግድግዳው ላይ ያለችው የሙቀት ቁጥር ግን ከ62 ዲግሪ ፋራናይት ተነስታ 70 ገብታለች።

አትፍረዱበት። እዚያ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ዛሬም የሚሞቁት በናፍጣ ነው። ቤዝመንት ስትወርዱ በአጫጭር እግሮች የቆመ የብረት ታንከር ታገኛላችሁ። የተለመደው 275 ጋሎን ይባላል፤ ከ1,000 ሊትር በላይ መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 2022 ጋሎኑ ከ5 ዶላር ሲያልፍ ያየ ሰው ቁጥር ቢጠብቅ ምን ይገርማል? ያን ሰሞን ለቡና የተጠራ እንግዳ ሁሉ ከፈንዲሻው በፊት ጋቢ ነበር የሚቀርብለት።

ተከራይ ሕግ አለለት። ቦስተን ባለችበት በማሳቹሴትስ ግዛት በብርዱ ወራት አከራይ ቤቱን ቀን 68፣ ሌሊት 64 ዲግሪ ፋራናይት ማድረስ ግዴታው ነው። የባለቤቱን ሚስት የሚጠብቅ ሕግ ግን እስካሁን አልወጣም።

የበዓል ቀን ሌላ ነው። የእኛ ገናና ጥምቀት የሚውሉት ብርዱ በሚጠናበት በጃንዋሪ ነው። በሩ ሲንኳኳ ቁጥሯ 72 ትገባለች። «ውይ፣ ቤታችሁ ሲሞቅ!» ይላሉ እንግዶች። «እኛ እኮ ብርድ አንችልም» ይላል አባወራው፣ ትናንት ማታ ልጁን ካልሲ በካልሲ ላይ አስለብሶ ያስተኛው ሰውዬ። ሳሎኑ በሰው ሲሞላ ደግሞ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ይነሳና ወደ 62 ይመልሳታል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ።

ታንከሩ አናት ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነች መለኪያ አለች። ናፍጣው ሲቀንስ ውስጧ ያለችው ምልክት ትወርዳለች። ሩብ ከመድረሷ በፊት ማዘዝ ነው ደንቡ። ከዚያ በታች ሲሆን ግርጌ የተኛው ዝቃጭ ናፍጣውን ወደሚያነደው ማሽን መሳብ ይጀምራል። የእኛ ሰው ግን በጣቱ ኮርኮም ያደርጋትና «ተጣብቃ ነው እንጂ አለ» ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ዋጋ ማጠያየቅ ነው። አንዱ ጋ አሥር ሳንቲም ወርዷል። «እንግዲያው ነገ ደግሞ ይቀንሳል» ብሎ ይተወዋል። ነገ የሚወርደው በረዶ ነው። በረዶ በወረደ ቀን ደግሞ የናፍጣ ሻጭ ስልክ ማን ያነሳል?

ቦቴው ሲመጣስ? ናፍጣው ሲገባ የሚወጣው አየር በቱቦው ያፏጫል። ሾፌሩ እሱን እየሰማ ይሞላል፤ ፉጨቱ ሲቆም ሞልቷል ማለት ነው። አባወራው በረዶው ላይ ቆሞ ፉጨቱን እንደ ታክሲ ቆጣሪ ያዳምጠዋል።

መቼም ናፍጣ የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ ነው። የአንድ ወዳጃችን ቤት ያለቀው ለልጁ ክርስትና ዋዜማ ነበር። ማሽኑ ላይ፣ ሲጠፋ መልሳ የምታስነሳው ቀይ ቁልፍ አለች። አንዴ መጫን ይቻላል። መደጋገም ግን አደጋ ነው። ያልነደደ ናፍጣ ምድጃው ውስጥ ይጠራቀምና ድንገት ሲቀጣጠል ቡም ብሎ ቤቱን ጥላሸት ያለብሰዋል። ይህ እዚያው ማሽኑ ላይ ተጽፏል። ሁሉም አነበበው፤ ሁሉም ተጫነው። መጀመሪያ አባወራው። ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም፣ «አንተ አላወቅክበትም» ብሎ። ቀጥሎ የላይኛው ፎቅ ተከራይ።

ያዳኑን ለክርስትናው ከአገር ቤት የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ጋሼ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቤዝመንት ወረዱ።

«ቆይ፣ ተዉ! አየር ስቦ ነው። ናፍጣ የጨረሰ ኤንትሬ አይታችሁ አታውቁም?»

የማሞቂያውና የመኪናው ናፍጣ አንድ ዘር ናቸው። የማሞቂያው ቀይ የተነከረው የመንገድ ግብር እንዳልተከፈለበት እንዲለይ ነው። ስለዚህ ጎረምሶቹ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ማደያ ሮጡ፤ ያመጡትን ናፍጣ ውጪ ባለው መሙያ አንቆረቆሩት። ጋሼ ዝቃጩ እስኪረጋ አስጠበቁን። ከዚያ ፓምፑ ጎን ካለችው ትንሽ ብሎን ላይ ቱቦ ሰኩ፣ ጫፉን ሃይላንድ ውስጥ ከተቱ። አንዱ ቀይዋን ሲጫን እሳቸው ብሎኗን ላላ አደረጓት። መጀመሪያ አረፋ ተፋች፣ ተንፈቀፈቀች። አረፋው ጠፍቶ ናፍጣው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጠበቅ አደረጓትና እሳቱ ያዘ። ያን ማታ ጋሼን ያልመረቀ አልነበረም። ቁጥሯንም 74 አደረጉልን፤ ደፍሮ የሚናገራቸው ጠፋ።

ሰኞ ባለሙያ ተጠራ። ወዳጃችን ለቶዮታው ዘይት መቀየሪያ ቀን ሳይደርስ ጋራዥ የሚገኝ ሰው ነው። ለዚህኛው ግን በየዓመቱ ሰው ጠርቶ ማስጠረግና ማስቀየር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ባለሙያው ፊልትሮውን ፈትቶ አወጣ። ቅባኑግ የሚመስል ጥቁር ዝቃጭ ባልዲው ውስጥ ጠብ አለ።

«ይቺ ፊልትሮ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረችው መቼ ነው?»

ወዳጃችን ሚስቱን አየ። ሚስቱ እሱን አየችው።

«ፊልትሮ አለው እንዴ?»