ጥቅምትን «ሙት ሰሞን» ያሉትን ሰውዬ ሐኪም ጋራ ላይ እጠብቃቸዋለሁ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሐረር ቱሪዝም የተጠራ አንድ ውይይት ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። አንድ ተናጋሪ ማይኩን ያዙና ከመስቀል በኋላ እስከ ታኅሣሥ ቁልቢ ያለው ጊዜ ለሐረር ሙት ሰሞን ነው አሉን። በዓል የለም፣ እንግዳ የለም፣ ስለዚህ የሚታቀድም ነገር የለም። ይሄ አልበቃ ብሏቸው ምክንያቱንም ጨመሩበት፤ ሕዝባችን የሽርሽር ባህል የለውም። ከአዳራሹ ግማሹ አንገቱን ነቀነቀ፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። የዓመቱ ዕቅድ በዓል በዓሉን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ተስማሙና ለሻይ ተነሡ።

ኧረ አቦ!

ሙት ሰሞን የሚለውን ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ይቺን «የሽርሽር ባህል የለውም» የምትለዋን እንያት። ሽርሽር ማለት ለሳቸው በፊልም እንዳዩት ሣር ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ሳንዱች መብላት ከሆነ፣ እሺ፣ የለንም። ግን ለቁልቢ ገብርኤል ከየት ከየት በእግሩ የሚመጣው ሕዝብ ማን ነው? ሳሎኑ ውስጥ ተኝቶ ነው የደረሰው? አዋች፣ ማለትም የወሊዮችን መቃብር፣ ለመዘየር ልጆቻቸውን ይዘው፣ ቡናቸውን ይዘው የሚወጡት እናቶችስ? ዩኔስኮ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች ቆጥሯል። አንድ መቶ ሁለት! ለመውጣት ምክንያት የቸገረው ከተማ እንዲህ አይሠራም።

ኦርቶዶክሱም ቢሆን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብሎ በአበባ ስም ጠርቶታል። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። ሰውዬው ሙት ያሉት ይህንን አበባ ነው። (በነገራችን ላይ ወቅቱን አንዳንዱ ጸደይ ይለዋል፣ ሊቃውንቱ ደግሞ መጸው ነው ብለው ይቆጣሉ። እኔ ከሊቃውንቱ ጋር ነኝ፣ ግን ጥቅምት ካልኩ ሁሉም ይገባዋልና በሱ እቀጥላለሁ።) «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ያገሬ ሰውስ፣ ቤቱን ቆልፎ የተቀመጠ መሰላቸው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይቺን አትርሱብኝ። የሐረር የጥቅምት እንግዳ ከፈረንሳይ አይደለም የሚመጣው፣ ከድሬዳዋ ነው። ያውም ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው እኮ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው! የጅቡቲው ሐዲድ ወደ ሐረር ነበር የታሰበው። ዳገቱም ወጪውም አልተቻለምና ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. እዚያው ጣቢያ ቆመ። ለዚያች ጣቢያ በመጀመሪያ የተሰጣትን ስም ታውቁታላችሁ? አዲስ ሐረር። ስለዚህ እኛና ድሬዎች አንድ ቤት ነን፣ እነሱ ምድር ቤት፣ እኛ ፎቅ። ከታችኛው ቤት ወደ ላይኛው ለመውጣት ደግሞ በዓል አይጠበቅም። ሙቀት ሲሰለች ይወጣል፣ በቃ።

ሂሳቡም ቀላል ነው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1885 ላይ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እንደሚቀዘቅዝ ማንም የሚያውቀው ነው፤ በ1000 ሜትር 6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል። ሰውዬው ቁጥር ከወደዱ ያካፍሉት። እኔ ግን ቁጥሩን ትቼ አክስቴን ልንገራችሁ።

አክስቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምትኖረው። ጥቅምት ገባ ሲባል ትደውላለች፣ ጥያቄዋም በየዓመቱ አንድ ነው፦ «ሹራብ ልያዝ?» በድሬ ሹራብ ሰው አይለብሰውም፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አክስቴ ከሚኒባሱ ስትወርድ ከሷ ቀድሞ የናፍታሊኑ ሽታ ይወርዳል። ደንገጎ ዳገት ላይ መስኮቱን ትከፍተዋለች። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ብርድ ገባ ብሎ ቢያጉረመርም አትዘጋም፣ የከፈልኩት ለዚህ ነው ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሙሉ ስትገዛ ነው የምትመጣው፤ ሐሮማያ አካባቢ ካሮትና ድንች፣ አወዳይ ላይ ደግሞ «የሰው አደራ ነው» የምትለው አንድ እስር ጫት፣ የማን አደራ እንደሆነ እስከዛሬ ያልነገረችን። ቤት ስትገባ ሁለቱም እጇ ሞልቷል። ይሄ እንግዳ አይደለም? ለሚኒባስ ከፈለች፣ ለካሮት ከፈለች፣ በማግስቱ ልጆቹን ይዛ ፈረስ መጋላ ወርዳ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ትገዛለች፣ መኪና ግርግር ልብስ ታሰፋለች። እንደሷ ስንት አለ? ማንም አልቆጠራቸውም። ሆቴል ስላላደሩ እንግዳ አይባሉም። አክስቴ አልጋ ብትከራይ ቱሪስት ትሆን ነበር፣ እህቷ ቤት ስላደረች ግን የለችም ማለት ነው!

ደግሞ ይሄ ነገር የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ፣ ያን የጎርፍ ደለልና የመስኖ ፓምፕ የጨረሰውን ሐይቅ ነው የምላችሁ፣ ሐረር ውሃ ያጠጣት ማን ነው? ከድሬዳዋ በኩል ካለው ድሬ ጃራ ነው ውሃው በቧንቧ ተገፍቶ ዳገቱን የወጣው። ባቡር ያቃተውን ዳገት! እነሱ ውሃ ወደ ላይ ይልኩልናል፣ እኛ ደግሞ ብርዳችንን እናካፍላቸዋለን። ሐይቁም ቢሆን ተመልሶ ውሃ ሲይዝ ሰው በመንገድ ዳር መኪና እያቆመ ማየት ጀመረ። ማን ማስታወቂያ ሠራለት? ማንም። «ባህል የለውም» የተባለው ሕዝብ ራሱ ነው።

እና ሙት ሰሞን ወዳሉት ልመለስ። ጥቅምትና ኅዳር ምን ሞቶ ነው? ዝናቡ ነው የሞተው፣ እሱ ደግሞ ጥሩ ነው። መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል። ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል፣ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ጩኸት ከየማሳው ይሰማል። ባቢሌ ላይ ለውዝ የሚነቀለው በዚህ ሰሞን ነው፤ አፈሩ ገና ያልረገፈለት እርጥብ ለውዝ ተቀቅሎ በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ ስለ ባቢሌ ለውዝ አታውሩ። ቡናውም ይቀላል። የሐረር ቡና እንደ አንዳንዱ አገር ቡና አይታጠብም፣ ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በዚህ ሰሞን በየጓሮው ተሰጥቶ ስታዩት፣ ያንን ጣፈጥ ያለ መዓዛ ስትሸቱት፣ ሙት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣባቸው ይገርማችኋል። ገለባውም አይጣልም፣ ወተት ገብቶበት ሆጃ ይሆናል። ማታ ማታ ብርዱ ሲጀምር አንድ ስኒ ሆጃ ይዞ መቀመጥ ነው እንጂ የምን የበዓል መድረክ!

ትንሽ ራቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ የዳካታ ሸለቆ አለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ ይወድቃል አይወድቅም እያሉ የሚሟገቱበት። ኩንዱዶ አለ፣ ጉርሱም በኩል፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ የዱር ፈረስ የሚግጥበት። በክረምት ማን ይወጣዋል? ጭቃውና ጉሙ አያስጠጋም። ለእግር ጉዞ አሁን ነው ጊዜው። ግን በዓል ስላልሆነ ዕቅድ ውስጥ የለም።

በበዓል ላይ ምንም የለኝም፣ እንዳትጣሉኝ። የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ እኔም እንደማንም ጨፍሬያለሁ። ግን ሸዋሊድ በጨረቃ ነው የሚሄደው። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዘንድሮ በበጋ ቢሆን ዓመታት አልፈው በክረምት ይመጣል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስም ከ30 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቁልቢም ንግሡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፤ ያውም ሰዉ ገብርኤልን ሊስም ነው የሚመጣው፣ ብዙው ሐረር ሳይገባ ነው የሚመለሰው። ባጃጅ ነጂው፣ ሳምቡሳ ጠባሿ፣ ሙሸበክ ሻጩ በሁለትና በሦስት ቀን ገበያ ዓመት ይኑሩ ነው የምትሉት? ዝናቡ ግን በየዓመቱ መስከረም ማለቂያ ላይ ይቆማል። ጨረቃ አይጠይቅም፣ ኮሚቴ አይጠይቅም። ይሄ ነው ወቅት ማለት። ዕቅድ አውጪ ብሆን ከዚህ የተሻለ የሚታመን ነገር ከየት አገኛለሁ?

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ከተማዋን ከላይ በሚያየው ሐኪም ጋራ ላይ ቆሻሻ አለ፣ እሱን አልክድም። የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የገራባ፣ የጫት ትርፍራፊ፣ ክምር። ሰው በርጫውን፣ የጫት ቁጭታውን፣ ቤቱ ከሚያደርግ እይታ ያለበት ቦታ ቁጭ ብሎ ማድረግ ስለሚወድ ነው፤ እሱም ራሱ ሽርሽር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ጥቂት በርሜልና የሚያነሣው ሰው ነው። ለመድረክና ለባነር ከሚወጣው ላይ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም።

ቅዳሜ ዕለት ሐኪም ጋራ ላይ ነበርን። አክስቴ ሹራቧን ለብሳ፣ ልጆቹ ለውዝ እየፈለፈሉ። 11 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ በጎን ትመጣና ጁገልን ታበራዋለች፤ ግንቡ፣ ቆርቆሮው፣ የመድኃኔዓለም ጉልላት፣ ሚናራዎቹ ሁሉ ለየብቻ ይታያሉ። ከዚያ የመግሪብ አዛን ይጀምራል። ከአንዱ መስጊድ ተነሥቶ ሌላው ይቀበለዋል፣ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ከአንዱ በትንሽ ይዘገያል፣ ድምፁ ዳገቱን እየወጣ እስክንጠግብ ይመጣብናል። የአክስቴ ልጅ ልትቆጥራቸው ሞክራ 14 ላይ ጠፋባት። በዙሪያችን ቢያንስ ሌሎች ስድስት ቤተሰቦች ነበሩ፣ አንዱ ፔርሙዝ ረስቶ ከኛ ሻይ ተበደረ። ማንም ባህል የለንም ብሎ ሲጨነቅ አላየሁም።

እና ተናጋሪው ሰውዬ፣ ይህንን ካነበቡት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ነን፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ። አረንጓዴ ፔርሙዝ የያዙት ብለው ይጠይቁ፣ ማንም ያሳይዎታል። ስኒ ግን ይዘው ይምጡ፤ አንዱ ባለፈው ተሰብሮብናል።