ፓምፑ የቆመው የባለቤትነት ስሜት ስለጠፋ አይደለም

ሰሞኑን በገጠር ውሃ ላይ የሚሠራ የአንድ ድርጅት ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ካስቆፈሯቸው ጉድጓዶች ብዙዎቹ ዛሬ ለምን ውሃ እንደማይሰጡ ተጠየቁ። መልሳቸውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት የለውም፤ በነፃ ያገኘውን አይንከባከብም፤ ድርጅቱ ግን የድርሻውን ሠርቶ አስረክቧል። ጋዜጠኛው አመስግኖ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ይህ መልስ ከአዳራሽ አዳራሽ፣ ከሪፖርት ሪፖርት ሲዞር ኖሮ እንደ እውነት መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። እውነት አይደለም። ነውርም ነው።

«በነፃ ያገኘውን» ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነውና። በዚህ አገር በነፃ ውሃ የገባለት የገጠር ቀበሌ የት ነው ያለው? ድንጋይ የሚያቀርበው፣ አሸዋ የሚያግዘው፣ የቧንቧውን ቦይ የሚቆፍረው፣ የመቆፈሪያ ማሽኑ እንዲገባ መንገድ የሚጠርገው፣ ግንባታው ሲያልቅ ዙሪያውን የሚያጥረው ገበሬው ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥሬ ገንዘብ አዋጥቶ ከመካከሉ በመረጠው የውሃ ኮሚቴ ስም እንዲያስቀምጥ ቅድመ ሁኔታ ያደርጉበታል። ይህ ሁሉ ጉልበትና ገንዘብ በብር ተተምኖ «የኅብረተሰቡ አስተዋጽኦ» በሚል ርዕስ ለለጋሹ በሚላከው ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ለለጋሹ ሲነገር አስተዋጽኦ የነበረው፣ ፓምፑ ሲሰበር እንዴት ሆኖ «በነፃ» ይባላል? ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ደግሞ ስለ ስሜት ከተነሳ፣ ማን ነው የባለቤትነት ስሜቱ የሚለካው? አዲስ አበባ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ውሃችን ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳ፣ ከድሬ ግድቦችና ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። እነዚያ ግድቦች ሲሠሩ ድንጋይ ተሸክመን አላቀበልንም። የለገዳዲ ፓምፕ ሲቃጠል የቦሌና የመርካቶ ነዋሪ ተሰብስቦ ሞተር ግዛ አልተባለም። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ መርጣችሁ፣ ግማሹን ሴት አድርጋችሁ፣ ያለ ደመወዝ የማጣሪያ ጣቢያውን አስተዳድሩ ያለን የለም። መሥሪያ ቤት አለ፤ መሐንዲስ፣ መካኒክ፣ መጋዘን፣ መኪና አለው። ለማስፋፊያው መንግሥት ይበደራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ያ የባለቤትነት ስሜት የለውም የሚባለው ገበሬ ጭምር ነው። እኛ የሚጠበቅብን ቢል መክፈል ብቻ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው፣ አንዳንድ ሰፈር ሳምንት ይጠፋል፤ ይህን አልክድም። ግን ሲጠፋ ስልክ እንደውላለን፣ እናማርራለን፣ ባለሥልጣኑን እንወቅሳለን። ውሃ የጠፋው ስሜት ስለሌላችሁ ነው ብሎ የመለሰልን የለም፤ ቢመልስ ኖሮ በማግስቱ ወንበሩ ላይ አይገኝም ነበር።

ገጠር ስንሄድ ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ ከሁሉም ደሃ የሆነው፣ ከከተማ የራቀው፣ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው በመከር ወቅት ብቻ የሆነው ሰው ራሱ የውሃ መሥሪያ ቤት እንዲሆን ይጠየቃል። የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ደረሰኝ አያያዝ፣ ፓምፕ አፈታት፣ ሒሳብ መዝገብ። ከዚያ ምረቃው ይደረጋል፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ ፎቶው ይነሳል፣ የለጋሹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል፤ መኪናዎቹም ይሄዳሉ። ገንዘብ ያዥ የተደረገችው ሴት ማሳዋን ትታ፣ ልጇን አዝላ፣ ከጎረቤቶቿ በየወሩ ብር ትሰበስባለች። ለዚህ የሚከፈላት ነገር የለም። ጎረቤቷ ካልከፈለች የምትጣላው እሷ ናት። ፓምፑ ሲቆምም ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ለሁሉም ኢትዮጵያዊ እንዲዳረስ ፖሊሲዎች ይትጉ ሲል፣ ከተሜው በመሥሪያ ቤት፣ ገበሬው በራሱ ትከሻ አላለም።

ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 የተባበሩት መንግሥታት የውሃና የንጽሕና አሥርት ብሎ በሰየመው ዘመን፣ የየአገሩ መንግሥታት የተበላሹ የእጅ ፓምፖችን መጠገን ሲያቅታቸው፣ የመንደሩ ሰው ራሱ ሊፈታውና ሊገጥመው የሚችል ፓምፕ ይሠራ ተባለ። አፍሪዴቭ የሚባለው፣ በየገጠራችን የምናየው የእጅ ፓምፕ የተወለደው ከዚያ ሐሳብ ነው። በአንድ ቁልፍ ይፈታል፣ ዘንጎቹ ቀላል ናቸው፣ ቶሎ የሚያልቁት በውስጡ ያሉት ትናንሽ የጎማ ክፍሎች ናቸው። እስከ 45 ሜትር ለሚደርስ ጥልቀት፣ ለአንድ መንደር፣ ለአንድ ጎማ የተፈጠረ ሐሳብ ነበር። ያም ቢሆን ጎማው ወረዳው ከተማ ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ ነው። ብዙ ወረዳ ውስጥ አይሸጥም።

አሁን ግን ያንኑ ሐሳብ ወስደው ከመቶ ሜትር በታች የተቀበረ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ማጠራቀሚያና ኪሎ ሜትሮች የሚዘረጋ ቧንቧ ላይ ጫኑት። የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ሲቃጠል ክሬን ከዞን ወይም ከክልል መምጣት አለበት። ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል። ሞተሩ ከውጭ አገር የሚገባ ነው። ኮሚቴው ያጠራቀመው ደግሞ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ለዓመታት ሳንቲም በሳንቲም ለመለዋወጫ ያስቀመጠ ኮሚቴ ቁጠባው ዓይኑ እያየ ግማሽ ሆነ። ይህን የባለቤትነት ስሜት ያድነዋል? ኃላፊው የራሳቸው ድርጅት በጀት በዶላር ተይዞ ሳለ ይህን አለማስታወሳቸው ያበሳጫል።

ወይስ ችግሩ የኢትዮጵያ ገበሬ ጠባይ ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 በገጠር ውሃ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ መረብ ከሰሐራ በታች ካሉ 20 አገሮች መረጃ አሰባስቦ ነበር፤ ከእጅ ፓምፖቹ 36 በመቶ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር። በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በመሬት አያያዝ የማይገናኙ 20 አገሮች ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስሜት አጣ ማለት ነው? ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ቆፍሮ፣ አስረክቦ፣ ፎቶ አንስቶ የሚሄድ አሠራር።

ሕዝቡ ለራሱ ጉዳይ ግድ እንደሌለው ለሚናገሩ የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ላንሳባቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያ ሕዝብ 92 በመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ወደ 29 በመቶ ወርዷል፤ በዓለም ላይ በዚያ ዘመን ከታየው ሁሉ ትልቁ ለውጥ ነው። ያንን ጉድጓድ የቆፈረው ማን ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው አስተማሩ፤ ቆፋሪው ግን አባወራው ነው፣ በራሱ ዶማ፣ በራሱ እንጨት፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ድጎማ። ይህን የሠራ ሕዝብ ፓምፕ ላይ ሲደርስ ሰነፈ የሚለኝ ሰው ማስረጃ ያምጣ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ መጸዳጃ ቤት በዶማ ይሠራል፣ የተቃጠለ ሞተር በዶማ አይወጣም።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ውሃው ይወጣል፣ ግን በብዙ ቦታ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በላይ ነው። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ይሆናል፤ ሲብስ አጥንት ያጣምማል። ማጣሪያ ቢተከል እንኳ የሚያጣራው ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራው ከሰል ከጊዜ በኋላ ሥራውን ያቆማል፣ መታደስ ወይም መለወጥ አለበት፤ መቼ እንደሆነ የሚነግረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ኮሚቴው ላቦራቶሪ ከየት ያምጣ?

ለጋሾቹም አዲስ ነገር ይወዳሉ፤ ጥገና ግን አይወዱም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በአሜሪካ ታላላቅ ሰዎች ፊት ታይቶ 60 ሚሊዮን ዶላር ሊሰበሰብለት ታቀደ። የታሰበለትን ሕዝብ ያህል ለማጠጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት እንዳለባቸው ጋዜጠኞች አስልተው ያወጡት ፓምፖቹ ከተተከሉ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዘመቻው ቆመ። ያንን ብረት ሲገፉ የተገኙት እናቶች ነበሩ። የዚያን ጊዜ የባለቤትነት ስሜት ጎደለው የተባለ ለጋሽ አልሰማሁም።

ስለ ለጋሾች ባለቤትነት ከተነሳ፣ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አስረክቦ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው እንደተሰረዘ ተነግሯል። በአንድ ውሳኔ ማዶ ላይ ሆኖ ሁሉን ማቆም የሚችለው ወገን፣ ውሃው ባይኖር የትም መሄድ የማይችለውን ሰው ስለ ባለቤትነት ያስተምራል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። በተዘጉት ፕሮግራሞች ላይ ተንተርሰው የነበሩ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶች ዛሬ ሞተር ሳይክል ነዳጅ የላቸውም፣ ባለሙያው አበል የለውም፤ ኮሚቴው ግን «በቅርብ ድጋፍ ይደረግለታል» ተብሎ ተጽፎለታል።

ሌላ መንገድ የለም የሚሉኝ አሉ። አለ፤ ሩቅም አይደለም። ኬንያ ውስጥ በክዩሶ አካባቢ በእጅ ፓምፖች ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ገጥመው፣ መካኒክ መድበው ሞከሩ። የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን በአማካይ 27 ቀን ይፈጅ የነበረው ከ3 ቀን በታች ሆነ። ከዚያ ልምድ በኪቱይና በክዋሌ ፈንዲፊክስ የሚባል የጥገና ድርጅት ተመሠረተ፤ መንደሮቹ መጠነኛ ክፍያ ይከፍላሉ፣ ድርጅቱ ፓምፑ እንዲሠራ ኃላፊነት ይወስዳል። የክዩሶ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ስሜቱ ተለውጦ ነው? አይደለም። ስልክ ሲደወል የሚመጣ ሰው ስላገኘ ነው። በእኛም አገር ቢሆን፣ በሰሜኑ ክፍል ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 በሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር በፓምፖች ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር። መሣሪያው ፓምፑ መቆሙን ይናገራል፤ ጎማውን ይዞ የሚሄደው ሰው ግን በበጀት ውስጥ ካልተጻፈ ዜናው ዜና ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ኅብረተሰቡ መምራት ይችላል። በአማራ ክልል ጀምሮ በኋላ በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ፕሮግራም፣ በኮዋሽ፣ ወደ ሌሎች ክልሎች የሰፋው አሠራር ይህን አሳይቷል። እዚያ ግን የግንባታው ገንዘብ ራሱ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይሰጥ ነበር፤ ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነበር። ገንዘቡ እጁ ገባ፣ ውሳኔውም እጁ ገባ። ሌሎቹ ድርጅቶች ግን ገንዘቡን ራሳቸው ይዘው፣ ኮንትራክተሩን ራሳቸው መርጠው፣ የጉድጓዱን ቦታ ራሳቸው ወስነው፣ በመጨረሻ ብልሽቱን ብቻ «የእናንተ ነው» ብለው ያስረክባሉ።

ስለዚህ የክልል ውሃ ቢሮዎች ከእንግዲህ ማንኛውም ድርጅት ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ ሲመጣ የአሥር ዓመት የጥገና ውል አብሮ ካላቀረበ መፈቀድ የለበትም የሚል አቋም ይያዙ። መለዋወጫው ወረዳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጠጋኙ ደመወዝ ይኑረው፤ ለክሬኑ በጀት ይያዝ። የጉድጓዶቹ ቁጥር ይቀንሳል ይሉኛል። ይቀንስ። በአሥር ቀበሌ ውሃ የሚሰጥ አሥር ጉድጓድ፣ በሠላሳ ቀበሌ ከቆመ ሠላሳ ጉድጓድ ይሻላል።

በቴሌቪዥን የቀረቡት ኃላፊ ደግሞ ድርጅታቸው ያስረከበውን ጉድጓድ ሁሉ በቀበሌ ስም ዘርዝረው ለሕዝብ ያውጡት። ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ፓምፑ የቆመበትን ቀንና ድርጅቱ ለመጨረሻ ጊዜ መካኒክ የላከበትን ቀን።