ማስተካከያ፦ የስትራስቡርጉ አደጋ የከፍታ አሞላል ስህተት አልነበረም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 1992 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ አቅራቢያ ስለተከሰከሰው የኤር ኢንተር በረራ 148 ባቀረብነው ጽሑፍ፣ አብራሪዎቹ «የተሳሳተ ከፍታ ሞሉ» ማለታችን ትክክል አልነበረም። መርማሪዎቹ ከሁሉም ይልቅ ሳይሆን አይቀርም ያሉት፣ 3.3 ዲግሪ የመውረጃ ማዕዘን ለማስገባት ሲታሰብ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ (አውቶፓይለት) በማዕዘን ፋንታ በመውረጃ ፍጥነት ላይ ተስተካክሎ ስለነበር አውሮፕላኑ በደቂቃ 3,300 ጫማ ያህል፣ ማለትም ከሚገባው አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት መውረዱን ነው። ሁለቱ እሴቶች በአንድ መስኮት «-3.3» (ማዕዘኑ በዲግሪ) እና «-33» (ፍጥነቱ በመቶ ጫማ) ተብለው ይታዩ ስለነበር ለመምታታት ምቹ ነበሩ፤ ሆኖም፣ ዋናው ነጥብም ይኸው ይመስለናል፣ ሁለቱ አብራሪዎች አወራረዱን እርስ በርስ በበቂ ሁኔታ አልተቆጣጠሩም። አውሮፕላኑ የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያም አልተገጠመለትም ነበር። የሟቾች ቁጥርም 87 ነው፤ 96 ያልነው በአውሮፕላኑ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ ነው።