ላጲስ የያዘ እጅ ይባረክ

ባሕር ዳር ላይ መሞት ጥሩ ነው። ከመኖር ይሻላል እያልኩ አይደለም። ግን ሰው እንደዚያን ቀን ተመስግኖ አያውቅም። የእድር ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይጣዳል። ቀጥሎ የአጎቴ ልጅ ይፈለጋል።

የአጎቴ ልጅ የሰፈራችን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነው። ማንም አልሾመውም። ላፕቶፕ ስላለው ነው። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ገጽ ተኩል አጽድቶ ያቀርባል። ጽሑፉን የሰማ ሰው ሟቹን አያውቀውም። ጥበቡም እሱ ነው።

አንድ ቀን ጎኑ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። ፋይሉ አንድ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ» ይላል፣ ነጠብጣብ። «ከእናታቸው ከወይዘሮ»፣ ነጠብጣብ። ነጠብጣቡ ላይ ስም ይሞላል። ሌላው ከዓመት ዓመት አይነካም። ሟች ሁሉ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ሁሉም በወግ በማዕረግ ተድረዋል። ሁሉም ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ ሲረዱ ቆይተዋል፤ ውጭ የተባለው አዲስ አበባ ቢሆንም።

አንድ ጊዜ ችኮላ ሆነና ከቀደመችው ሟች አንድ መስመር ሳያጠፋ ቀረ። አንድ ጎምቱ አባወራ «በባልትና ሙያቸው የታወቁ» ተብለው ተነበበላቸው። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ «እውነት ነው!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

የሚያስቸግሩት አልቃሾቹ ናቸው። አንዷ ትነሳና ሁለት ስንኝ ትወረውራለች። ሟች በጉብዝናው ወራት ማንን ይወድ እንደነበር በሰም ለብጣ ታወጣዋለች። ወርቁን ያልሰማ የለም። ድንኳኑ ይንጫጫል፣ አሮጊቶቹ አንገት ለአንገት ይገናኛሉ። ደግነቱ ወዲያው የአጎቴ ልጅ ወረቀት ይነበባል። እንግዳ ተቀባይ ነበሩ ሲባል ሁሉም ይረጋጋል።

ይህን ጥበብ የእኛ ብቻ መስሎኝ እኮራ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አንድ ፊልም አየሁና ኩራቴ ተነፈሰ። ፈረንጆቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመውናል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ኮሜዲ ነው። ማደሊን ኦልኔክ የምትባል ሴት ናት ያዘጋጀችው። ባለታሪኳ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰን ናት። በ1830 አምኸርስት በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ተወለደች፣ በ1886 እዚያው ሞተች። በመካከሉ ወደ 1800 የሚጠጋ ግጥም ጻፈች። በሕይወት እያለች የታተመላት አሥር ገደማ ቢሆን ነው። ዓለም የሚያውቃት ኤሚሊ ነጭ የምትለብስ፣ ከቤት የማትወጣ፣ ከሰው የምትሸሽ፣ ፍቅር በደጇ ያላለፈ ሴት ናት። ፊልሙ ይህችኑ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ በሩጫ ግቢ ያሻግራታል። የምትሮጠው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ያለችው የወንድሟ ሚስት፣ ሱዛን ናት።

እኛ ያየነው እቴቴ ቤት ነው። እቴቴ አክስታችን ናቸው፤ ከሰባ አልፈዋል። ቡና ተጥዷል፣ መስኮቱ ተከፍቶ ከጣና ነፋስ ይገባል፣ መብራት ሳይሄድ እንጨርስ ብለን ቸኩለናል። እቴቴ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ የአጎቴ ልጅ እንደ ትርጉም ፊልም እየተከተለ ይተርካል።

ኤሚሊና ሱዛን ተሳሳሙ።

«ሰላም እየተባባሉ ነው» አለ።

እቴቴ አቦሉን እየቀዱ ቀና አሉ። እነኤሚሊ ደገሙት።

«ዘመዳሞች ናቸው፤ ተነፋፍቀው ነው።»

«ቤታቸው ጎን ለጎን አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እቴቴ።»

«ጠዋትስ አልተገናኙም ነበር?»

«ተገናኝተዋል።»

እቴቴ ስኒውን አቀበሉኝ። «ናፍቆቱ የበረታ ነው» አሉ።

የአጎቴ ልጅ አልደነገጠም። አንድ ሰዓት ከምናምን ሙሉ እንዲያ አወረደው። አንዱን ትዕይንት የልብስ ልኬት አደረገው። ሌላውን ጸሎት። እንዲህ ያለ ሰው ለአገር ያስፈልጋል።

እኔ ልቤ የሄደው ግን ማቤል ሉሚስ ቶድ ጋ ነው። የአጎቴን ልጅ የምታስንቅ ባለሙያ! ኤሚሊን በሕይወቷ ፊት ለፊት አይታት አታውቅም። እነኤሚሊ ቤት ትሄዳለች፣ ፒያኖ ትጫወታለች፣ ኤሚሊ ከሌላ ክፍል ሆና ታዳምጣለች፤ በቃ። ኤሚሊ ስትሞት እህቷ ላቪኒያ ያን ሁሉ ግጥም አገኘች። ከፊሉ በክር ተሰፍቶ ደብተር ሆኗል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ማቤል እጅ ገባ። እሷና ቶማስ ሂጊንሰን የሚባል አንድ የተከበረ ጸሐፊ በ1890 የመጀመሪያውን መጽሐፍ አወጡ። ርዕስ ለሌለው ግጥም ርዕስ ሰጡት። ቤት ያልመታውን አስመቱት። ኤሚሊ በየመስመሩ የምትሰነዝራትን ሰረዝ ለቃቅመው አወጡ። ስለ ሞት ከጻፈችው ዝነኛ ግጥም አንድ ሙሉ አንጓ ዘለሉ። እስከ 1955 ድረስ ሰዉ ግጥሞቿን በደንብ ታጥበውና ተተኩሰው ነበር የሚያነባቸው። ምን ያህል ድካም እንደሆነ አስቡት። ባለቤቷ እንኳ እንዲህ አልደከመችባቸውም።

የሱዛን ነገር ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ተደርጎለታል። ኤሚሊ ለዚህች ጎረቤቷ ወደ 250 የሚጠጋ ግጥም ልካላታለች። ለማንም ይህን ያህል አልላከችም። ስለ እሷ የጻፈችው አንድ ግጥም የእጅ ጽሑፉ ላይ በቀለም ተድበስብሷል። ከደብዳቤዎቹም ስሟ የተፋቀበት አለ። የማን እጅ እንደሆነ አዋቂዎቹ ይከራከራሉ። ፊልሙ ግን አይከራከርም፤ ላጲሱን ለማቤል ያስይዛታል።

ማቤልን ያለ ልክ የማደንቅበት ምክንያት ሌላ ነው። ባል አላት። የኤሚሊ ወንድም ኦስቲንም ሚስት አለው፣ ያቺው ሱዛን። ማቤልና ኦስቲን ከ1882 ጀምሮ እሱ በ1895 እስኪሞት ድረስ ተዋደዱ። የሚገናኙበት አንዱ ቦታ ደግሞ የኤሚሊ ቤት የምግብ ክፍል ነው። ታዲያ የሰው ፍቅር ለማጽዳት ከዚህ የበለጠ የሥራ ልምድ ከየት ይመጣል? የእኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። ስለ ጨዋነት አጥብቆ የሚናገር ሰው ባየሁ ቁጥር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ማስቀመጡን ልብ እላለሁ።

ኤሚሊ ባሕር ዳር ብትሞት ኖሮስ? የአጎቴ ልጅ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም ነበር። «ወይዘሪት ኤሚሊ ከአባታቸው ከአቶ ኤድዋርድ ዲኪንሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሚሊ ኖርክሮስ ተወለዱ። በባልትና ሙያቸው የታወቁ ሲሆኑ በ1856 በአምኸርስት የከብት ትርኢት ላይ በዳቦ ሁለተኛ ወጥተዋል።» ይህ አልተፈጠረም፣ እውነት ነው። «ለሰፈር ልጆች በመስኮት በቅርጫት ኬክ ያወርዱ ነበር።» ይህም እውነት ነው። «ትርፍ ጊዜያቸውን ግጥም በመጻፍ ያሳልፉ የነበረ ሲሆን ከወንድማቸው ባለቤት ጋርም መልካም ጉርብትና ነበራቸው።» አያችሁ? አንድም ውሸት የለበትም። ዳቦው ቀርቷል፣ ኬኩ ቀርቷል። የወጣችው ሴትዮዋ ብቻ ናት።

ሴት ገጥማ አታውቅም እንዳይባል እዚህ ጎጃም ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ዘርፈው ወንዱን ተማሪ አስተምረዋል። ሴት መግጠሟ አያስደነግጠንም። የሚያስደነግጠን ለማን እንደገጠመች መጠየቅ ነው።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሳቅ ይቆማል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ በኩል ሱዛን የኤሚሊን አስከሬን ታጥባለች። በሌላው ማቤል ወረቀት ላይ ጎንበስ ብላ ስም ትፍቃለች። የአጎቴ ልጅ አልተረጎመም። እቴቴም ምንድነው አላሉም። በረካው ቀዘቀዘ።

ቆይተው «እኔ ስሞት ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?» አሉት።

«ምን ያሟርቱብናል፣ እቴቴ! ያው ደግ፣ ሩኅሩኅ...»

«እንግዳ ተቀባይ።»

«አዎ።»

«እሱንስ ጻፈው። ይቺን ግን ጨምርልኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ዓይናቸውን ከጀበናው ሳያነሱ አሏት፦

ታንኳህ ደኅና ገባች ማዕበሉን አልፋ፣
ዳር የቆመው ልቤ ውሃ ገብቶ ጠፋ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ጊዜ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ገበያ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። የእቴቴ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቢሮ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ታንኳ ላይ ወጥተው አያውቁም። ውሃ ይፈሩ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑን ሳበ። ጻፈ። አየት አደረገው። ፊቱ ላይ ያ የለቅሶ ቀን ጥበብ ሲወርድበት ይታየኛል።

«እቴቴ፣ በጣም ቆንጆ ናት። ‹ታንኳህ› ላይ ያለችውን ‹ህ› ብቻ ላውጣት። ‹ታንኳ ደኅና ገባች›። ለሁሉም ይሆናል።»

«አውጣት።»

«‹ልቤ›ም ካህናት ፊት ትንሽ ከበድ ይላል።» አሰበ። «‹በሬ› ብንለውስ? ቤቱም ልኩም አይበላሽም። ዳር የቆመው በሬ ውሃ ገብቶ ጠፋ።»

ልኩ በእርግጥም አልተበላሸም። ሂጊንሰን ቢሰማው ያቅፈው ነበር።

እቴቴ ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ መደርደር ጀመሩ። «እኛ በሬ ኖሮን አያውቅም» አሉ። «ሰው ምን በሬ ነው ቢልህስ?»

«ለቅሶ ላይ ማን ይጠይቃል፣ እቴቴ?»

«እንግዲያው ልቤንም አይጠይቁም ነበር።»

የአጎቴ ልጅ ሳቀ። ፋይሉን ሴቭ አደረገና ዘጋው። በሬው እንዳለ ነው።