ገንዘባችንን ይዞ «ታገሱ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ አነስተኛ የሞዴል ባቡር ኪት (ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የትንሽ ባቡር ክፍሎች ስብስብ) አምራች ትዕዛዛቸውን ለሚጠብቁ ደንበኞቹ መልእክት ላከ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ስለሆንኩ ለእኔም ደረሰኝ። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፦ አቅራቢዎች አስቸግረውኛል፣ ታገሱ፣ ይህ ሆቢ እንጂ ሱፐርማርኬት አይደለም፣ የቸኮለ ሰው ተገጣጥሞ ያለቀለትን ከሱቅ ይግዛ። ዕቃው መቼ እንደሚደርስ አይናገርም። ገንዘባችንን መልስልን ላልነው ሰዎችም መልስ የለውም። ሙሉ ሂሳብ ከከፈልን ዓመት አልፎናል።

መልእክቱ አናዶኛል። የባሰ ያናደደኝ ግን ከደንበኞቹ መካከል ያጨበጨቡለት መኖራቸው ነው። «ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፣ ተዉት።» «ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር ነው የሚሠራው።» ትዕዛዜ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው ጨካኝ ተባለ። ከፋዩ ጥፋተኛ፣ ገንዘቡን የወሰደው ተበዳይ ሆኖ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ «ከሱቅ ይግዛ» የምትለዋን ልያዝ። ከየትኛው ሱቅ? የጅቡቲ–አዲስ አበባው አሮጌ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። በሞዴል ዓለም በሰፊው በሚሠራበት በ1፡87 ልኬት (ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንስ መጠን) ሲቀነስ ወደ 12 ሚሊሜትር ይጠጋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ለ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው፤ ገበያው እዚያ ነው። 12 ሚሊሜትሩን የሚሠሩም አሉ፣ ግን የሚያወጡት በዋናነት የስዊዝን የተራራ ባቡሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር የገባበትን የድሬዳዋን ለገሃር በጠረጴዛ ላይ ላቁም፣ ሊቶሪናዋንም (ሞተሯን በራሷ የያዘችውን የመንገደኛ ባቡር) ላስገባበት የሚል ሰው ምን ያድርግ? ያለው አማራጭ የሚቀራረብ ኪት ከአነስተኛ አምራች ገዝቶ፣ ቆርጦና ቀጥሎ፣ የምድር ባቡራችንን ማስመሰል ነው። አምራቹም ይህን ያውቃል። ሌላ በር እንደሌለን እያወቀ ነው በሩን ያሳየን።

የአቅራቢን ጣጣ አላውቅም እንዳትሉኝ። የኪት ሳጥን ስትከፍቱ ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳ የናስ ዝርግ ታገኛላችሁ። የፉርጎው ጎን፣ በሩ፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ ሁሉም በኬሚካል ተበልቶ ወጥቶ በቀጫጭን ጅማቶች ብቻ ከዝርጉ ጋር ተያይዟል። ጅማቱን ትቆርጣላችሁ። መታጠፊያው መስመር ላይ ናሱ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ስለተበላ ትንሽ ሲጫኑት ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ከዚያ ትበይዱታላችሁ። ይህን ዝርግ የሚያወጣው አንድ ድርጅት ነው። ትንንሾቹን የነጭ ብረት (በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት) ዕቃዎች የሚያፈሰው ሌላ ሰው ነው፤ የሚያፈስበት የጎማ ቅርጽ ሲያረጅ እንደ አዲስ መሥራት አለበት። መንኮራኩሩ ከሌላ ቦታ፣ ሞተሩ ደግሞ ከሌላ ይመጣል። አንዱ ከቀረ ሳጥኑ አይዘጋም። የናስ ዝርግ የሚያወጡት ድርጅቶች ደግሞ ዋና ደንበኞቻቸው የኤሌክትሮኒክስና ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸው። ጥቂት ዝርግ ያዘዘ የኪት አምራች ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ የትኛው ነው አዲስ ነገር? የጃፓኑ ማሺማ፣ ብዙ የኪት ሠሪዎች የሚተማመኑበት ሞተር አምራች፣ ሥራ ካቆመ አሥር ዓመት ገደማ ሆነው። ሆርንቢን የሚያህል የእንግሊዝ የሞዴል ባቡር ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 ቻይና ያለው አምራቹ ዕቃ ሲያዘገይበት ክፉኛ ተጎድቷል። ያ አምራች ሳንዳ ካን ነበር። ሳንዳ ካንን በ2009 የገዛው ካደር የተባለ ኩባንያ ደግሞ የሆርንቢ ተፎካካሪ የሆነው የባክማን ባለቤት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አቅራቢ እንደሚዘገይ፣ እንደሚሸጥ፣ እንደሚዘጋ ማወቅ የአምራቹ ሥራ ነው። ዋጋው ውስጥም ተጨምሮ ከፍለንበታል።

የድንበሩን ነገር የሚያነሱም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የምርት ደኅንነት ደንብ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ ያለ ሻጭ በኅብረቱ ውስጥ ኃላፊነት የሚወስድ ወኪል እንዲኖረው ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት ወደ አውሮፓ መላክ ያቆሙ ትንንሽ የእንግሊዝ ሻጮች አሉ። አሜሪካም ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ነፃነት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አንስታለች። ለትንሽ አምራች ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን የእኔ ትዕዛዝ ድንበር ላይ አልተያዘም። ገና አልተሠራም!

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእኔ እምነት «የአቅራቢ ችግር» ከሚባለው አብዛኛው የገንዘብ ችግር ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። አምራቹ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ያወጣና አዲስ ኪት ልሠራ ነው ይላል። ሙሉ ሂሳቡን እንከፍላለን። በእኛ ገንዘብ ያለፈውን ኪት ናስ ያሠራበታል፤ ምክንያቱም የዚያኛው ደንበኞች ገንዘብ ከእሱ በፊት ለነበረው ወጥቷል። የእኛ ተራ ሲደርስ ዝርግ የሚያወጣው ድርጅት ክፈል ይለዋል፤ ካዝናው ባዶ ነው። ከዚያስ? ሌላ አዲስ ሥዕል ይወጣል። ይሄ «ታገሱ» የሚለው መልእክት በመጣበት ሰሞን ይኸው አምራች ለሌላ ኪት ትዕዛዝ ይቀበል ነበር። አቅራቢ አስቸግሮት ከሆነ ለአዲሱ ኪት ዝርጉን የሚያወጣለት ማን ነው? መርካቶ ውስጥ በዚህ ዓይነት የሚሠራ ነጋዴ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ሎኮሞቲቭ ስለሚሠራ ስሙ የሚቀየርበት ምክንያት አይታየኝም።

አገራችን ለዚህ መላ የሌላት እንዳይመስላችሁ። ሶፋ የምታሠሩ ከሆነ ቀብድ ትከፍላላችሁ፤ ቀሪውን ዕቃውን ስታዩ ትጨርሳላችሁ። ሙሉውን አምጣ ያለ አናጺ ጋ ማን ይሄዳል? ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጽ ደንግጓል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፍ! የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው። ቀብድ የያዘ ሰው ቃል ይዟል፤ ቃሉን ሲበላ ዋጋ ይከፍላል። የእኛ የኪት ሠሪ ግን ቀብድ ሳይሆን ሙሉውን ይወስዳል፤ ቀን አይቆርጥም፤ ሳይሠራ ሲቀር እጥፉ ይቅርና የወሰደውንም አይመልስም። የሚዘገይበት ነገር ኪሱን ስለማይነካው ለመፍጠን ምክንያት የለውም። ችግሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። ዝርግ የሚያወጣውን ድርጅት በየሳምንቱ እየደወለ የሚወተውተው ገንዘቡ ተይዞበት የሚጨነቅ ሰው ነው። እዚህ ቤት የተጨነቀው ደንበኛው ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የድርጅቱ ስልክ የለውም።

ሌላ መንገድ የለም የሚለኝ ካለ ውሸት ነው። ስም ብቻ መዝግበው፣ ዕቃው ተሟልቶ ሲገባላቸው «አሁን ክፈል» የሚሉ ትንንሽ አምራቾች አሉ። ከእነሱ ገዝቼ አውቃለሁ። እነሱም ይዘገያሉ። ሲዘገዩ ግን አልናደድም፤ ገንዘቤ እኔው ጋ ነው። ናሱን ለማሠራት መነሻ ያስፈልገኛል ለሚል ሰው ደግሞ ሲሶውን በቀብድ እሰጣለሁ። ቀን ይቁረጥ፤ ካለፈ እንደሚመልስ ይጻፍልኝ። ይህን መጠየቅ ጭካኔ ነው?

«ለፍቅር ነው የሚሠራው» የሚለውን ከመስማት የሚከብደኝ ነገር የለም። በፍቅር የሚሠራ ሰው ዋጋ አይለጥፍም፣ የመላኪያ አይጨምርም፣ የካርድ ቁጥር አይጠይቅም። ዋጋ ከለጠፈ ነጋዴ ነው፤ እንደ ነጋዴ ይጠየቃል። ደግሞ ፍቅሩ የእሱ ብቻ ነው እንዴ? ከወር ደመወዙ ቀንሶ የከፈለው ደንበኛ ፍቅር የለውም?

«ስትጨቀጭቋቸው ይዘጋሉ፤ ሃተንስ የት ገባ?» የሚል ማስፈራሪያም ሰምቻለሁ። ሃተንስ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ ትልቅ የእንግሊዝ የሞዴል ሱቅ ነበር። በጥር 2024 ሥራ ሊያቆም መሆኑን ያሳወቀው ራሱ ነው። ትዕዛዜ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ደንበኛ አልዘጋውም። ሃተንስን እዚህ ማንሳት ሰውን ዝም ለማሰኘት ካልሆነ ምንም ቁም ነገር የለውም። የሰው ገንዘብ በልቶ ካልሆነ በቀር መቆም የማይችል አምራች ካለ ደግሞ ይዘጋ። ቅርጹንና ሥዕሉን ለሚችል ሰው ይሽጥ። ፓርክሳይድ ዳንዳስ የተባለው የፉርጎ ኪት ሠሪ ባለቤቶቹ ሲለቁ ምርቱ ፔኮ ወደተባለ ሌላ የሞዴል አምራች ተላልፏል፤ ኪቶቹም ከገበያ አልጠፉም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ሌላ ቀን ካልተስማማችሁ በቀር ዕቃው ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም 30 ቀን ነው የሚለው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባለው ደንብ፣ ሻጩ በወቅቱ መላክ ካልቻለ ለደንበኛው አሳውቆ ወይ ፈቃዱን ያገኛል፣ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል። «ሆቢ ነው» የሚል ማምለጫ በየትኛውም ውስጥ የለም።

እንግሊዝ ያላችሁና በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ፣ የኪቱ ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ የ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ካርዱን የሰጣችሁን ባንክ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ለአምራቹ የመጨረሻ ቀን ቆርጣችሁ በጽሑፍ ላኩለት። ቀኑ ካለፈ የትዕዛዙን ማረጋገጫና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አያይዛችሁ ለባንካችሁ አመልክቱ። እኔ የእኔን ልኬያለሁ።