የማላያው ዳኛና የእኛ 14 ቀን

ለንደን ተቀምጦ የአገር ቤት ዜና የሚከታተል ሰው «ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ተጨማሪ 14 ቀን ፈቀደ» የምትለውን ዜና በቃሉ ይዟታል። ሁለት ሳምንት ቆይታ ትደገማለች። ጊዜ ቀጠሮ ነው፤ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው ታስሮ ይቆያል።

እዚህ ፖሊስ ሰው ይዞ ሳይከስ የሚያቆየው በመደበኛው 24 ሰዓት ነው። ወንጀሉ ከከበደ በፍርድ ቤት ፈቃድ እስከ 96 ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ ወይ ይከሳል፣ ወይ ይለቃል። 14 ቀን የሚባለው ለሽብርና ከውጭ መንግሥታት ለሚመጣ የአገር ደህንነት ስጋት ነው፤ እሱም ጣሪያው ነው። ከተከሰሱ በኋላ ለወራት ታስሮ ፍርድ መጠበቅ እዚህም ስላለ፣ ገነት ነው እያልኩ አይደለም።

የሚገርመው የእኛን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በዋናነት ያረቀቀው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዳኛ መሆኑ ነው። ሰር ቻርልስ ማቲው ይባላል። ከ1951 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የማላያ ፌዴሬሽን (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) ዋና ዳኛ ነበር። ያኔ እንግሊዞች እዚያ ጫካ ከገቡ ኮሚኒስቶች ጋር ይዋጋሉ፤ በአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ሰው ያለ ፍርድ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ለጃንሆይ መንግሥት የፍርድ ጉዳይ አማካሪ ሆነ። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ ፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሲያረቁ፣ ሥነ ሥርዓቱ ለማቲው ደረሰው። በ1954 ዓ.ም ታወጀ።

ማቲው የሚያውቀውን የማላያን ሕግ ይዞ መጣ። የማላያው ደግሞ እንግሊዞች በ1898 እ.ኤ.አ. ለህንድ ካወጡት የተቀዳ ነው። ቅኝ አልተገዛንም ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚጠብቀን ሕግ ግን በህንድና በማላያ በኩል ዞሮ የመጣ ነው።

በጎውንም አምጥቷል። አንቀጽ 27 ተጠርጣሪ ያለመመለስ መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ይነገረው ይላል። የለንደን ፖሊስም ሰው ሲይዝ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው።

አንቀጽ 59 ላይ ስንደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ያ የ1898ቱ የህንድ ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ ተደምሮ ከ15 ቀን እንዳያልፍ ይገድብ ነበር። የማላያውም እንዲሁ። የእኛው ለአንድ ቀጠሮ 14 ቀን ብሎ፣ ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ሳይወስን ተወው። ቅኝ ተገዢው ህንድ ያገኘው ጣሪያ ለእኛ ቀረ ማለት ነው!

በ2001 ዓ.ም የወጣው፣ ያን ሁሉ ያነጋገረው የፀረ ሽብር አዋጅ እንኳ በየቀጠሮው 28 ቀን እየሰጠ፣ ሲደመር ከአራት ወር አይለፍ ብሎ ነበር። በስርቆት ለተጠረጠረ ሰው ግን አንቀጽ 59 ይህችንም አልሰጠውም። አንድ መስመር መጨመር ይበቃ ነበር፤ የሌላውን አገር ለመቅዳት ደግሞ ከእኛ በላይ ልምድ ያለው ማን ነው?