ወርደህ ሰላም በል

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ሙቀትን የሚያውቃት ከብርድ ልብስ ሥር ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እኛ ከተማ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሸዋ ሮቢት ስወርድ ጃኬት ለብሼ፣ ጋቢ ደርቤ ነበር። ጣርማበር፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ባለ ቲሸርት በትዝብት አየሁት። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ነገሩ ተገለበጠ። ደብረ ሲና ቆሎ ስገዛ ጋቢው ወለቀ። ከዚያ በታች ጃኬቱ። ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ስንደርስ ጋቢው ታጥፎ መቀመጫ ሆኗል። አሁን ደግሞ ባለ ቲሸርቱ እኔን በትዝብት ያየኛል። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል ይባላል። ቆዳዬ ግን ስድስት ብቻ ነው ሲባል አላመነም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት እቤት ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ጠላ ይጠለላል፣ ያየኝ ሁሉ "እስቲ ተነሣ" ይለኛል። ወጣሁ። አንድ መናፈሻ በር ላይ ሦስት ሳይክል የሚያከራይ ጎረምሳ አገኘሁ። ሰዓቱ 80 ብር ነው።

የደረሰችኝ ሳይክል ድሮ ቀይ ነበረች። ቀለሙ አሁን የቀረው መሪዋ ሥር ነው። ኮርቻዋ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሏል። ፌስታሉም ፀሐይ ጠጥቶ ኖሮ፣ ስቀመጥ ወዲያው ተነሣሁ። የኋላ ፍሬን የላትም።

"የፊቱ ይበቃል ጋሼ" አለኝ ልጁ። "ደግሞ ፀሐይ ላይ እንዳያቆሟት። ከመነዳሪዋ ሦስት ቦታ ተለጥፏል፤ አየሩ ሲሞቅ ይነፋና ይፈነዳል።"

ፀሐይ የሌለበት ቦታ ካለ ቢያሳየኝ ደስ ባለኝ።

መናፈሻ ስሙን ያገኘው ከነፋስ ነው። ሰው የሚናፈስበት ማለት ነው። በግንቦት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ግን ነፋሱ ራሱ ከሰው ቀድሞ መጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቷል። ቅጠል አይነቃነቅም። የሳይክል ጥቅም የገባኝ ያኔ ነው፤ ነፋስ ከሌለ ራስህ ትሠራለህ። ፔዳሉን መታ መታ ሳደርገው አየሩ ደረቴን ዳሰሰኝ፣ ላቡ ሳይንጠባጠብ እዚያው ደረቀ፣ ሸሚዜ ከኋላ ተነፋ። ቁም ነገሩ አለመቆም ነው። የቆምክ ለታ፣ እግርህ ሲያመነጨው የነበረው ሙቀት ሁሉ መውጫ ያጣና ላቡ ከግንባርህ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። እኔ ይህን የነፋስ ሥራ ለግማሽ ዙር ያህል ሠርቼዋለሁ። በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ደህና ደህና ደቂቃዎች አንዷ ናት።

ከዚያ አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ አየሁ። የእህቴ ጎረቤት ናቸው። እጄን ከፍ አድርጌ "እንደምን አደሩ ጋሼ!" ብዬ አለፍኩ። ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"የማን ልጅ ነው፣ ሳይወርድ ሰላም የሚል?"

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ክስ ነው። ማታ እህቴ ዘንድ ይደርሳል፣ ሰኞ ደግሞ ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ። የድሮ ሰው በቅሎ ላይ ሆኖ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። ሳይክል ከበቅሎ አትበልጥም። ፊተኛውን ፍሬን ያዝኩ፣ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፣ ወረድኩ።

ሰላምታውን ላሳጥረው። እኔ ደህና ነኝ። እህቴ ደህና ናት። ሕፃኑ ደህና ነው። ዝናቡ ደህና ነው። ገብሱ ደህና ነው። "ብርዱስ እንዴት ነው?" አሉኝ ደግሞ፣ እንደ ናፈቀ ዘመድ። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ አሥራ አምስት ደቂቃ አስረዳሁ።

ተሰናብቼ ወጣሁ። ሃያ ሜትር ሳልሄድ ሦስት እናቶች ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ወረድኩ።

"ወዴት ነው ልጄ?"

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሳይክለኛ ካለ ይንገረኝ። የትም አልሄድም። ከዚህ ተነሥቼ እዚሁ ነው የምመጣው። ለአንዲት እናት "የትም" ይባላል? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች፤ እኔም "ቅርብ ነው እማማ" አልኩ።

በሁለተኛው ዙር መልሰው አዩኝ።

"ቅርብ ነው አላልክም? እስካሁን አልደረስክም?"

"ኧረ እንዲያው ስፖርት ነው።"

ሦስቱም ተያዩ። አንዷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሐኪም አዞህ ነው?" አሉኝ። አይደለም አልኩ። "ስኳር ነው?" አይደለም አልኩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስኳር የሌለበት ሰውም ስኳር ያለበት ሰውም ሲጠየቅ "የለብኝም" ነው የሚለው። ስለዚህ መልሴ ማስረጃ ሆነ። ሦስተኛው ዙር ላይ የማላውቃቸው ሼህ አስቁመውኝ፣ እንደምን እንዳደርኩ ከጠየቁኝ በኋላ "አላህ ያሽርህ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ወሬው እኔን ቀድሞ ዞሯል። ያውም በእግሩ።

ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ የለጠፉ አንድ አዛውንት ግን ልቤን ሞሉት። "ገረመው ደንቦባን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። በ1949 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በሳይክል የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ ነው። "ያኔ እንዲህ ያለ ማርሽ የለ፣ ምን የለ!" አሉ። (የኔም ማርሽ የላትም።) ሲያወሩልኝ እያላበኝ አንድ ነገር አሰብኩ። ሜልቦርን ከመንገዱ ዳር የእህቱ ጎረቤት አልተቀመጠም። እዚህ መናፈሻ ቢሮጥ፣ ገረመውም የሚገባው ማታ ነበር።

አራተኛው ዙር አልነበረም። አንዲት እትዬ መንገድ ዘጉብኝ።

"በሳይክል ነህ አይደል?"

ነኝ።

"እንግዲህ ምን ትሆናለህ፣ ይቺን ማሾ እነ እህትህ ቤት አድርስልኝ። ልጁም መሄዱ ነው፣ አብሮህ ይሂድ።"

ማሾው ሩብ ኩንታል አይሞላም፤ ስሸከመው ግን የሞላ መሰለኝ። ኋላ ላይ ታሰረ። ልጁ ኮርቻው ላይ ወጣ። እግሩ ፔዳሉ ጋ አይደርስም፣ ቢሆንም ደወሉ ጋ ይደርሳል። ሌላ ሰው ደግሞ "እግረ መንገድህን" ብሎ መሪው ላይ አንድ ፌስታል ማንጎ አንጠለጠለ። ካቴናው ወለቀ። ሳይክሏን በቀኝ እጄ እየገፋሁ፣ ልጁን በግራ እየደገፍኩ፣ እጄ በግራሶ ጠቁሮ፣ በአራት ሰዓት ፀሐይ በከተማው መሀል አለፍኩ። ልጁ ላገኘው ሰው ሁሉ ደወል ይደውላል። ሰው ይዞራል። ከዞረ ሰላም ማለት ግድ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ብቻ ናቸው የገባቸው፤ "ጋሼ፣ በሃያ ብር ላድርስዎት?" ይሉኛል፣ ከነሳይክሉ።

ዕቃውን አድርሼ ተመለስኩ። ጎረምሳው ስልኩን አየ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል። 200 ብር።"

"የነዳሁት እኮ አሥር ደቂቃ አይሞላም!"

"ጋሼ፣ ሰላም ያሉበትን እኔ አልቀንስም። ሳይክሏ እርስዎ ጋ ነበረች።"

ከፈልኩ። ክርክር ራሱ ቆሞ ነው የሚደረገው፣ እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ መቆም አልችልም።

እቤት ስገባ ግርግሩ ጸጥ አለ። ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው አክስቴ ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን መጠጠች። እህቴ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር።

"ከእኛ ትደብቃለህ?" አለች። "እናታችንስ ታውቃለች?"

ሻይ አቀረበችልኝ። ቀመስኩት። ስኳር የለውም።